ፍሬቻ ወደ ግራ፣ ኳስ ወደ ቀኝ

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ልጅ ጣናን አሳየኝ።

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሐይቁን ከማየት ብዛት የግቢዬ አጥር ሆኖብኛል፤ በአጠገቡ አልፋለሁ እንጂ ቆሜ አላየውም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሐይቁ ዳር ባለችው አቧራማ ሜዳችን አምስት ለአምስት ስንጫወት፣ ከወዲያኛው ቡድን አንድ ቀጭን ልጅ ኳስ ይዞ መጣብኝ። ዕድሜው 15 ቢሆን ነው። እኔ 47 ነኝ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጉልበቴን ሸብረክ፣ ክንዴን ዘርጋ አደረግሁ። ከሩቅ ላየኝ ልምድ ያለው ተከላካይ እመስላለሁ። ልጁ ቀና አለና ወደ ሐይቁ አየ። እኔም አየሁ። ከደንገሉ ባሻገር አንዲት ታንኳ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ደስ የምትል ታንኳ ናት። ዓይኔን ስመልስ ኳሷ በሌላው ጎኔ አልፋ፣ ጓደኛው እግር ላይ ደርሳ፣ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ገብታለች።

«ይቅርታ ጋሼ» አለኝ ልጁ በአጠገቤ ሲያልፍ።

መሸወዱንስ እችለዋለሁ። የከነከነችኝ «ጋሼ» የምትለዋ ናት።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነገሩ አልለቀኝ አለ። ለምን አየሁ? ተከላካይ ማየት ያለበት ኳሷን ነው፤ ካልሆነም የተጫዋቹን ወገብ። ይህን ለስንት ልጆች ስናገር ኖሬያለሁ። እግር ይዋሻል፣ ትከሻ ይዋሻል፣ ዓይንማ ዋናው ውሸታም ነው። ወገብ ግን ሰውየው ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ታንኳ አየሁ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። የሰው ዓይን ነጩ ሰፊ ነው። ጥቁሩ ወዴት እንደዞረ ከሩቅ ይታወቃል። አብዛኞቹ የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች ላይ እንዲህ ጎልቶ የሚታይ ነጭ የለም። ኮባያሺና ኮሺማ የሚባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንን ልዩነት ጽፈው አውጥተዋል። ከነሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ደግሞ፣ ነጩ የሰፋልን ለመተባበር ነው አሉ። አፍ ሳይከፈት «እዚያ ጋ ተመልከት» ለመባባል። አዳኝ ለአዳኝ፣ እናት ለልጇ።

ጀርመን አገር ደግሞ ነገሩን በቅርጫት ኳስ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ነው። ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ኳስ የሚያቀብል ተጫዋች ያሳዩአቸዋል። የነሱ ሥራ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቶሎ መጠቆም ነው። ተጫዋቹ ወደሚያቀብልበት ሲያይ ፈጥነው ይመልሳሉ። ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞር ይዘገያሉ። ፊቱ ከሥራቸው ምንም ግንኙነት የለውም፤ ኳሷን ብቻ ነው መከታተል ያለባቸው። ግን ይዘገያሉ። የሚዘገዩት የሰከንድ ሽራፊ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ የሰከንድ ሽራፊ ማለት በሁለት ድንጋዮች መካከል ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ የሸወደኝ ለመረዳዳት በተሰጠን ነገር ነው። ይህን ሳስበው ትንሽ ቀለለኝ። ትንሽ ብቻ።

ልጅ ሆነን ግሽ ዓባይ ሰፈር የምንጫወተው በካልሲ ኳስ ነበር። ማሊያ የሚባል ነገር የለም። ወገን ከወገን የምንለየው በመልክ ነው፤ በተለይ አመሻሽ ላይ ደግሞ በድምፅ። ከኛ መሀል አንድ ብልጥ ነበረ። ከኋላህ ይመጣና በቡድንህ ልጅ ድምፅ «ተውልኝ!» ይልሃል። ትተውለታለህ። ይዟት ይሄዳል። ስንቴ እንደተጣላን! አንድ ቀን ጥርሴ እስኪደማ ተደባደብን። እሱ «ብልጠት ነው» ይላል። እኔ «ሌብነት ነው» እላለሁ። የሰፈሩ ትልልቅ ልጆች ለሱ ፈረዱለት።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእግር ኳስ ሕግ ለእኔ እንደሚፈርድ አወቅሁ። ሕግ ቁጥር 12 ተጋጣሚን በቃል ያዘናጋ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ይሰጠው ይላል። በዓይንህ ሸውድ፣ በትከሻህ ሸውድ፣ ኳሷን ልትመታ እግርህን አንስተህ መልሰው፤ ማንም አይጠይቅህም። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ እንኳ እየሮጥክ መጥተህ ፍጥነትህን መቀያየር ትችላለህ፤ ሩጫህን ከጨረስክ በኋላ የመታህ መስለህ መቆም ነው የተከለከለው። በድምፅ መዋሸት ግን ክልክል ነው።

ይህ ልዩነት መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። አሁን ትክክል ይመስለኛል። ድምፅ ከጀርባህ ነው የሚመጣው። ዞረህ የማጣራት ጊዜ የለህም፤ ወይ ታምነዋለህ ወይ ጨዋታ የለም። ዓይኔን ግን ተከተል ብሎ የለመነህ የለም። ራስህ ነህ የምታነበው። አሳስተህ ካነበብክ ዕዳው ያንተ ነው። ያ ብልጥ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ይህን ካነበብክ ግን ቢጫ ካርድ አለብህ።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ቅርጫት ኳስ ያዘኝ። የሲሚንቶ ሜዳ፣ መረብ የሌለው ቀለበት፣ አንድ ዕድሜ የጠገበ ኳስ። የስፖርት መምህራችን ጥብቅ ሰው ነበር። ለሁለት ሳምንት ቀለበቱን እንድናይ እንኳ አልፈቀደልንም። ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት ቆመን ከደረት ወደ ደረት ማቀበል ብቻ። መቶ ጊዜ፣ እንደገና መቶ ጊዜ። ዓይን ለዓይን እየተያዩ። ስንሰለች አንዲት ማታለያ አስተማረን። ኳሷን ከመሬት አንጥረህ ልታቀብል ከፈለግህ መጀመሪያ ወደ ላይ ከፍ አድርጋት። ተከላካዩ እጁን ያነሳል። ያኔ ከብብቱ ሥር መንገድ ይከፈታል። በላይ ልታሳልፍ ከሆነ ደግሞ ታች አሳየው። ያንን ቀላል ነገር እስከ ዛሬ የሚችለው የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔ ግን ቀላል ነገር አልፈለግሁም። በዚያው ሰሞን ቪዲዮ ቤት የማጂክ ጆንሰንን ካሴት አይቼ ነበር። 2.06 ሜትር የሚሆን ሰው ነው። በዚያ ቁመት ቀለበት ሥር ቆሞ መጠበቅ ሲገባው፣ ኳስ እያነጠረ ጨዋታ የሚመራው እሱ ነው። በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ማሊያ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። እየሮጠ ይመጣል፣ ወደ ቀኝ ያያል፣ ኳሷ በግራ ትሄዳለች። ተከላካዮቹ አንገታቸውን እንደያዙ ይቀራሉ። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቦስተኑ ቦብ ኩዚ ኳስ በጀርባው እያዞረ ያቀብል እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ለእኔ ያኔ ዓለም የጀመረችው ከማጂክ ነው።

የክፍል ለክፍል ውድድር ደረሰ። እኩል ነን። ኳሷ እኔ እጅ ላይ ናት። ጓደኛዬ በግራ በኩል ቀለበቱ ሥር ብቻውን ቆሟል። ማንም አልያዘውም። አንድ ተራ የደረት ቅብብል በቂ ነበር። እኔ ግን ማጂክ ነኝ። ፊቴን ወደ ቀኝ፣ ሴቶቹ ተማሪዎች ወደተቀመጡበት አዞርኩ። ከልቤ አየሁ። ኳሷን በግራ ወረወርኳት። ተከላካዩ ተሸወደ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ጓደኛዬም ተሸወደ። እሱም ሴቶቹ ጋ ምን ተፈጠረ ብሎ ዞሮ ነበር። ኳሷ ጆሮውን አገኘችው። ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ዷ! ከጆሮው ነጥራ ለተጋጣሚ ደረሰች። ገባብን። አለቀ።

መምህራችን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አጠገቤ መጥቶ በዝግታ፣ «አንተ የማን ወገን ነህ?» አለኝ።

ጓደኛዬ ለሁለት ቀን በቀላ ጆሮ ክፍል ገባ። አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። ስንገናኝ አሁንም ጆሮውን ያዝ ያደርጋል።

የመምህራችን ጥያቄ ገብታኝ እስክታልቅ ብዙ ዓመት ፈጀባት። «ሳያይ አቀበለ» የሚባለው ነገር ውሸት ነው። ሳያይ የሚያቀብል ሰው እኔ ነኝ። እነ ማጂክ ቀድመው አይተው ጨርሰዋል። ኖርዌያዊው ጌይር ዮርዴት ይህን ሲያጠና ነው የኖረው። ተጫዋቾች ኳስ ሳይደርሳቸው በፊት ስንት ጊዜ አንገታቸውን አዙረው ዙሪያቸውን እንደሚያዩ በቪዲዮ ይቆጥራል። ብዙ የሚያዩት የተሻለ ያቀብላሉ። ነገሩ በቴሌቪዥን አይታይም፤ ካሜራው ኳስ ነው የሚከተለው።

ስታዲየም ግን ይታያል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ኢትዮጵያ እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ነበርኩ። ከተማው አብዶ ነበር። እኔ የዚያን ቀን አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ኳሱን ትቼ የአንድ አማካያችንን አንገት ማየት ጀመርኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ቀኝ። ልክ መንገድ እንደሚሻገር ሰው። ኳሷ ስትደርሰው ወደ መሬት ነው የሚያየው፤ ካርታው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። በጣም ተመሰጥኩ። ድንገት ስታዲየሙ ፈነዳ። ጎረቤቴ ይዞ ይስመኛል። አግብተን ኖሯል! «አየሃት? አየሃት?» ይለኛል። «አየኋት» አልኩት። ሌላ ምን ልበል።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ላነሳ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሸውዳችኋል። ጎጃም ተቀምጦ ስለ ቅኔ ከማውራት ባለሙያዎቹን ማዳመጥ ይሻላል። እኔ ስለ ባጃጅ ነው የማወራው።

የከተማችን ባጃጅ ፍሬቻው ወደ ግራ ብልጭ ብልጭ እያለ በቀኝ ይታጠፋል። ወይም ጠዋት የበራው ፍሬቻ እስከ ማታ ሳይጠፋ ይውላል። ይህ እኮ የማጂክ ጆንሰን ሥራ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ማንም የማይሸወደው? ዘንባባው ሥር ቆሞ መንገድ የሚሻገረው ሰው ፍሬቻውን ዞር ብሎም አያየውም። የፊት ጎማዋን ነው የሚያየው። ፍሬቻው ሁልጊዜ ስለሚዋሽ ማታለል አቅቶታል። እውነት ተናግሮ የሚያውቅ ፍሬቻ ብቻ ነው መዋሸት የሚችለው።

ኳስ ላይም እንደዚያው ነው። በየቅብብሉ ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞር ተጫዋች አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አብዶ ይሠራል፣ ሎጬ ይሞክራል፣ ቲፎዞ ያጨበጭባል። በአምስተኛው ደቂቃ ተከላካዩ ፊቱን ማየት ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአንገት እንቅስቃሴ ነው።

ሮናልዲኒሆን እወደዋለሁ፤ ማን ይጠላዋል? ግን አንዳንዴ ፊቱን የሚያዞረው ኳሷ ከእግሩ ከወጣች በኋላ ነበር። ያ ለተመልካች የተደረገ ስጦታ ነው፤ ተከላካዩን የሚመለከት ነገር የለውም። የእኔ ሰው ማይክል ላውድሩፕ ነው። ዴንማርካዊው በባርሴሎና አራት ጊዜ በተከታታይ ሊጉን አሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ሪያል ማድሪድ ተሻግሮ በቀጣዩ ዓመት አምስተኛውን ደገመ። አጨዋወቱ ጸጥ ያለ ነው። ደረቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይከፍታል፣ ዓይኑንም እዚያው ይጥላል፣ የቆመበት እግርም ያንኑ ይመሰክራል። ሦስት ምስክር! ቁርጭምጭሚቱ ብቻ በመጨረሻዋ ቅጽበት ዞር ትልና ኳሷ በተከላካዩ ጀርባ ትገባለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወዳየበት ነበር የሚያቀብለው። ምስጢሩ ያ ይመስለኛል።

ከዓይን ውጪም መሸወጃ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚል ጣሊያንን 4 ለ 1 ስታሸንፍ፣ አራተኛዋን ጎል ያመቻቸው ፔሌ ነው። የሸወዳቸው በጊዜ ነው። ሁሉም ሲጣደፍ እሱ ኳሷን ይዞ ቆም አለ፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስላል። ከዚያ በስተቀኙ ባዶ ሣር ላይ ሸርተት አደረጋት። ባዶ ነበር፤ ካርሎስ አልቤርቶ ከኋላ እየበረረ እስኪደርስ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2002ቱ ፍጻሜ የብራዚሉ ሪቫልዶ ደግሞ ጭራሽ አልነካትም። ክሌበርሰን ያሻማትን ኳስ ሊመታ መስሎ እግሩን ከፈተ፤ በመሀል አለፈች፤ ሮናልዶ አገባት። የጀርመን ተከላካይ ከሪቫልዶ ጋር ቀረ። በመረብ ኳስ ደግሞ ለመቺዎቹ ኳስ የሚያነሳውን ተጫዋች እዩት። ወደ ፊት ሲያነሳም ወደ ኋላ ሲያነሳም አቋሙ አንድ ነው፤ እጁ ከግንባሩ በላይ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ። እሱ ምንም አያሳይም። መረቡ ላይ ሊዘሉ የተዘጋጁት ይገምታሉ እንጂ አያነቡም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ላ ኮሩኛ ላይ የሪያል ማድሪዱ ጉቲ ያደረገውን ሳልጠቅስ ማለፍ ግን አልችልም። ብቻውን ከበረኛው ጋር ተፋጧል። ሁሉም ሰው፣ በረኛውም፣ ተከላካዮቹም፣ እኔም፣ ይመታታል ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። እሱ በተረከዙ ወደ ኋላ ለቤንዜማ ሰጠው። ሳይዞር። ቤንዜማ ባዶ ጎል ላይ አስቀመጣት። እኔ የማስበው ስለ ቤንዜማ ነው። ጓደኛው ፊት ለፊት ጎል ይዞ ሳለ ለምን መሮጡን አላቆመም? እኔ ብሆን ቆሜ እጄን ለጭብጨባ አዘጋጅ ነበር። እሱ ሮጠ። ኳሷ ከመጣች ብሎ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ይህን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል ከረምኩና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። ልጁ አሳድጎኛል! ከዚያች ኳስ በፊት ቢያንስ አራት ጊዜ ፊት ለፊቴ አቀብሏል። አራቱንም ወዳየበት። እንደ ጨዋ ተማሪ። አስለመደኝ፣ አሳመነኝ፣ ከዚያ ታንኳዋን አሳየኝ። በ15 ዓመቱ! ይህ ልጅ የት ነው የሚደርሰው እያልኩ ነው የሰነበትኩት።

ትናንት ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ሻይ ልጋብዛቸው ጠራኋቸው። እሱና ያ ኳሷን ያገባው ልጅ መጡ። ወንድማማቾች ናቸው ለካ። ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝኩ። ከዚያ እንደ ጋዜጠኛ ጠየቅሁት። ያን ዘዴ ማን አስተማረህ? አስበህበት ነው? ስንተኛው ቅብብል ላይ ልሸውደው ብለህ ወሰንክ?

ልጁ ወንድሙን አየ። ወንድሙ ቦምቦሊኖውን አየ።

«እውነቴን ነው ጋሼ» አለ አፍሮ፤ «እርስዎን ለመሸወድ ብዬ አይደለም። የአጎቴ ታንኳ መስላኝ ነው።»

«ኳሷንስ? ሳታይ እንዴት ሰጠኸው?»

«እሱ ሁሌ እዚያ ነው የሚቆመው።»

ወንድሙ አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ሻዩን ጠጥተን ወደ ሜዳ ወረድን። በነሱ ወገን አሰልፉኝ አልኩ። ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ ግን አሰለፉኝ። አሥር ደቂቃ እንደተጫወትን ልጁ በመሀል ኳስ ያዘ። እኔ በግራ በኩል ብቻዬን ነኝ። ቀና አለና ወደ ሐይቁ አየ። ውሃው ላይ ሁለት ታንኳዎች ተከታትለው ይሄዳሉ፤ የኋለኛዋ ጭነት በዝቶባት ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላለች። የአጎቱ የትኛዋ ትሆን ብዬ ሳስብ ኳሷ ጆሮዬን መታችኝ።

«ይቅርታ ጋሼ!»